አማቴ ያዳመጡት ፓምፕ

አማቴ ካናዳ፣ ካልጋሪ የገቡት በጁላይ ነው፤ ልጃችን ልትወለድ ሁለት ወር ሲቀራት። ዶቨር ሰፈር የገዛናትን ትንሽ ቤት እየዞርኩ ሳሳያቸው ሳሎኑንም፣ ጓሮውንም፣ ለእሳቸው ያዘጋጀነውንም ክፍል አየት አየት አድርገው አለፉት። ለሁሉም «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነበር መልሳቸው። ከዚያ ከግድግዳው ግርጌ የተዘረጋውን የማሞቂያ ራዲያተር በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉና ቀና ብለው አዩኝ።

«ቤቱ የሚሞቀው በውሃ ነው እንዴ?»

«አዎ ጋሼ፣ ታች ቦይለር አለ።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ባለቤቴ «አባባ፣ ገና ከአውሮፕላን መውረድዎ እኮ ነው! ትንሽ አይረፉም?» ብትል ማን ሰምቷት። ከቤቱ ሥር ወዳለው ቤዝመንት ወረድን። ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ ጥግ ላይ፣ አረንጓዴ ቀለሙ የተላላጠ ቦይለር ቆሟል። የሰፈሩ ቤቶች ሁሉም ማለት ይቻላል በአየር ነው የሚሞቁት፤ የእኛን ቤት ግን የቀድሞው ባለቤት፣ የቧንቧ ሠራተኛ የነበሩ ፈረንጅ ሽማግሌ፣ በገዛ እጃቸው ቦይለር አስገብተውለታል። አማቴ ቦይለሩ ፊት ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዙሪያውን ዞሩት። ቧንቧዎቹ ከየት ተነስተው ወዴት እንደሚሄዱ በጣታቸው ተከተሉ። ውሃውን ወደ ራዲያተሮቹ የሚገፋው ፓምፕ ዘንድ ሲደርሱ ቁጢጥ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይህ ሞተር ትንሽ ዝቅ ብሏል» አሉ። «የተቀመጠበት ላስቲክ ደክሟል። ዘይትም ጠጥቶ የሚያውቅ አይመስልም። ሞተርና ፓምፕ እንዲህ ተዛንፈው ከሠሩ መሀላቸው ያለችውን መገጣጠሚያ አንድ ቀን ይሰብሯታል።»

«እሺ ጋሼ፣ አየዋለሁ» አልኩ። አላየሁትም።

አማቴ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የእንፋሎት ክፍል ሃያ ስምንት ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። የገቡት በተላላኪነት ነው፤ የወጡት በኃላፊነት። ቀጭን፣ አንገታቸው ረዘም ያለ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ቀኝ ጆሯቸው ከፋብሪካው ጩኸት የተነሳ ደክሟል፤ ግራውን ወደ ሰው አዘንብለው ነው የሚሰሙት።

እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ የአንድ ትምህርት ቤት ረዳት ኬርቴከር ነበርኩ። ኮሪደር እጠርጋለሁ፣ በረዶ እዝቃለሁ፣ አምፖል እቀይራለሁ። ከዚያ ወጥቼ የቦይለር ክፍሉን ለመያዝ ደግሞ የመንግሥት ሰርተፊኬት ያስፈልግ ነበርና ማታ ማታ ኮርስ እወስዳለሁ። እዚህ ላይ ያን ጊዜ ለማንም ያልነገርኩትን ልናገር፦ አማቴ ከመምጣታቸው ከአንድ ወር በፊት ፈተናውን ወድቄያለሁ። ለባለቤቴ «ፈተናው ወደ ሌላ ጊዜ ተዛወረ» ነው ያልኳት። ስለዚህ ቤቴ ውስጥ ስለ ቦይለር ከእኔ ይልቅ የሚያውቅ ሰው መግባቱ፣ ሌላ ሰው ቢሆን የሚደሰትበት ነገር፣ እኔን እንደ ጠባብ ጫማ ነበር የሚቆነጥጠኝ።

እሳቸው ይህን የሚያውቁበት መንገድ ያለ አልመሰለኝም። እራት ላይ በደስታ ይጠይቁኛል። «የትምህርት ቤቱ ቦይለር ውሃ ነው እንፋሎት? ግፊቱ ስንት ነው? ውሃው ሲያንስ በራሱ ይዘጋል?» እኔ በአጭሩ እመልሳለሁ፣ ወይም የሰማሁ አልመስልም። «አንድ ቀን ውሰደኝና ልየው» ሲሉኝ «እሺ፣ አለቃዬን ላስፈቅድ» እላለሁ። አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ ብጠይቀው በደስታ ያስጎበኛቸው ነበር። የፈራሁት እሱን አልነበረም። እሱ ባለበት አማቴ አንድ ነገር ጠይቀውኝ መልሱ ቢጠፋብኝስ ብዬ ነው። ሦስት ጊዜ ይሆናል የጠየቁኝ። በአራተኛው ተዉት።

ልጃችን በሴፕቴምበር ተወለደች። ክረምቱም ገባ።

ነገሩ የሆነው በጃንዋሪ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አልፎ አልላወስ ባለበት ሳምንት ነው። እሑድ ከቸርች ተመልሰን በሩን ስንከፍት የተቀበለን አየር እንደ ወትሮው አልነበረም። ባለቤቴ ሕፃኗን ከነብርድ ልብሷ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ «ቤቱ ቀዝቅዟል እንዴ?» አለችኝ። ራዲያተሩን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ድንጋይ።

ታች ወረድኩ። ቦይለሩ እሳቱን ለኩሶ ያጉረመርማል። ትንሽ ቆየና እሳቱ ጠፋ፤ ትንሽ ቆየና ተለኮሰ። የቦይለሩ ሙቀት መለኪያ ጣራ ነክቷል። የፓምፑም ሞተር እዝዝዝ ይላል። ያ ሁሉ ሙቀት ታች ተከማችቶ ላይ አንድ ጠብታ አይደርስም። የኮርስ መጽሐፌን አውጥቼ የኤሌክትሪኩን ሥዕል ገለጥኩ። የቤቱን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት፣ ሪሌይ፣ ገመድ፣ ገመድ።

ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። አማቴ የቸርች ኮታቸውን ሳያወልቁ የእንጨት ማንኪያ ይዘው ይወርዳሉ። አጠገቤ ተንበረከኩ። የማንኪያውን ራስ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ግራ ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ቀጥለው ፓምፑ ላይ አደረጉ። ከዚያ ከፓምፑ የሚወጣውን ቧንቧ በመዳፋቸው ጀርባ እየነኩ ሄዱ፤ አንድ ክንድ ያህል ሄደው ቆሙ።

«ሞተሩ ይዞራል፤ ፓምፑ ግን አይዞርም» አሉ። «እስከዚህ ይሞቃል፣ ከዚህ ወዲያ የለም። መገጣጠሚያዋ ተበጥሳለች ልጄ።»

«አይደለም ጋሼ፤ የኮንትሮል ችግር ነው» አልኩ፣ ዓይኔን ከመጽሐፉ ሳላነሳ።

«ኮንትሮሉማ ሞተሩን አስነስቷል። ትእዛዙ ደርሷል እኮ። ያልሄደው ውሃው ነው።»

ዛሬ ሳስበው ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም። ቴርሞስታቱ ሪሌዩን ያዛል፣ ሪሌዩ ሞተሩን ያስነሳል፤ ሞተሩ ከተነሳ ሁለቱም ሥራቸውን ሠርተዋል ማለት ነው። የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርት ነው። ያን ጊዜ ግን የሰማሁት ቃላቸውን አልነበረም፤ የእንጨት ማንኪያውን ነበር የማየው። «እዚህ አገር እንዲህ አይደለም የሚሠራው» አልኳቸው። «በሲስተም ነው። ከመጀመሪያው ተነስቶ ነው የሚፈተሸው።»

«እሺ» አሉ። ማንኪያቸውን ይዘው ወጡ።

ወደ አንድ ጥገና ድርጅት ደወልኩ። በዚያ ብርድ ከተማው በሙሉ ይደውል ነበርና ከረቡዕ በፊት ሰው የለንም አሉኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። «ይምጡ በላቸው፣ ቀጠሮ ያዝ» አለች። እኔ ግን «አያስፈልግም፤ ሙያዬ አይደል እንዴ?» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ያን ቀን መሸት ሲል አዲስ ቴርሞስታት ገዝቼ ገጠምኩ። ምንም። አማቴ ሶፋው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ስገጥም ያዩኛል።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ ቤቱ ውስጥ ትንፋሻችን ይታይ ነበር። አየር ገብቶ ይሆናል ብዬ ከየራዲያተሩ አየር አስወጣሁ። ሪሌዩንም ቀየርኩ። ለውጥ የለም። ባለቤቴ የሕፃኗን ዳይፐርና ልብስ በቦርሳ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች፤ አንዲት የቸርች ጓደኛዋ አፓርታማዋ ልትወስዳት መጥታ መኪናዋን አስነስታ ትጠብቃለች።

«አባባ፣ ይነሱ እንጂ፤ ለእርስዎም ቦታ አለ» አለቻቸው።

«እኔ የትም አልሄድም» አሉ። «ቤት በእንዲህ ያለ ብርድ ባዶውን አይተውም። ውሃው ቧንቧው ውስጥ ረግቶ ቢቀዘቅዝ ግድግዳውን ነው የሚሰነጥቀው።»

እውነትም እኔ ያላሰብኩትን እሳቸው ከእሑድ ጀምሮ ሲያደርጉ ኖረዋል። የኩሽናውንና የመታጠቢያውን ቧንቧ በቀጭኑ ከፍተው ውሃው እንዲንጠባጠብ አድርገዋል። የእቃ ማጠቢያውን ቁም ሣጥን በሮች ከፍተዋል። የሳሎኑን መስኮት በብርድ ልብስ ጋርደዋል። ትንሿን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለራሳቸው አላደረጓትም፤ ቤዝመንት ወስደው ውሃው ወደ ቤት የሚገባበት ቧንቧ አጠገብ አስቀምጠዋታል። ይህን ሁሉ ያየሁት ግን ኋላ ነው። ያን ቀን ያየሁት ቢኖር ባለቤቴ ስትወጣ ወደ እኔ ያየችውን አስተያየት ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሺፍቴ አለቀና ቀጥታ ወደ ቤት መጣሁ። ውጭ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ ሞተሩ በብርድ እንዳይደርቅ የማሞቂያውን ገመድ ሰክቼ፣ በጓሮ በር ገባሁ። ከታች የብረት ድምፅ ሰማሁ። ስወርድ አማቴ በሸሚዝ፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው፣ ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ኤሌክትሪኩን ከማብሪያው አጥፍተውታል። የፓምፑ ሞተር ከነገመዱ ተፈትቶ ጋዜጣው ላይ ተጋድሟል። ብሎኖቹ በተፈቱበት ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። መፍቻዬና ካቻቪቴዬ አጠገባቸው ነው።

ዞር ብለው ፈገግ አሉልኝ። «መጣህ? እንዲያው ጊዜ ላቆጥብልህ ብዬ...»

ጮህኩባቸው። እንዴት እንደጮህኩ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «ማን ይንኩ አለዎት? ማን ፈቀደልዎት? እዚህ አገር ያለ ላይሰንስ ይህን የነካ ሰው ምን እንደሚደርስበት ያውቃሉ? ቤቱ ቢቃጠል ኢንሹራንስ ይከፍለኛል? ይሄ የእናንተ ፋብሪካ አይደለም!»

የእናንተ ፋብሪካ ነው ያልኩት። ያን ቃል ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ፈገግታቸው ወዲያው አልጠፋም፤ ፊታቸው ላይ ቦታ እንዳጣ ሰው ለትንሽ ጊዜ ቆየ። ከዚያ መፍቻውን ከካቻቪቴው ጎን አስተካክለው አስቀመጡ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ጣት በጣት። ሲነሱ ጉልበታቸው አስቸገራቸውና የቦይለሩን ጎን ያዙ፤ እኔ ቆሜ አየኋቸው፣ እጄን አልዘረጋሁም። «ይቅርታ ልጄ» አሉ። «ልክ ነህ፤ ቤቱ ያንተ ነው።» ወጡ።

ብቻዬን ስቀር ጋዜጣውን አየሁ። አንድ ንጹሕ መሐረብ ተዘርግቶ ላዩ ላይ ሁለት ቁራጭ ብረት ተቀምጧል፤ መሀል ለመሀል የተበጠሰች፣ በሞላ የተያያዘች፣ ከአውራ ጣት ብዙ የማትበልጥ መገጣጠሚያ። ሞተሩ ለሦስት ቀን ያለ ፓምፑ ብቻውን ሲዞር ኖሯል። ልክ እንዳሉት። በጁላይም እንዳሉት።

ያን ጊዜ ደረጃው አሥራ ሁለት እርከን ብቻ ነበር። ወጥቼ «ጋሼ፣ ልክ ነበሩ፤ ይቅር ይበሉኝ» ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ቁራጮቹን ኪሴ ከተትኩ።

ለእንዲህ ዓይነት አሮጌ ፓምፕ መለዋወጫ የሚያስቀምጥ ሱቅ ከካልጋሪ በስተደቡብ ባለችው ኦኮቶክስ ከተማ መኖሩን ከሥራ ቦታ ሰምቼ ነበር። ቁልፌን አንስቼ ስወጣ አማቴ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ።

«ልምጣ?» አሉ። «መጠኑን አውቀዋለሁ። የሞተሩና የፓምፑ ዘንግ ውፍረታቸው አንድ አይደለም፤ እንዳያሳስቱህ።»

«አይ ጋሼ፣ መንገዱ በረዶ ነው። የሚሉትንም አይሰሙም» አልኳቸው። የፈረንጆቹን እንግሊዝኛ ማለቴ ይሁን የጆሯቸውን ድካም፣ ሆን ብዬ አልለየሁትም።

በሃይዌይ ቱ ኤ ወደ ደቡብ ስነዳ በረዶው አስፋልቱን አቋርጦ እንደ ዱቄት ይነፍስ ነበር። ሱቁ ውስጥ ሰውየው ቁራጮቹን አገላብጦ «የሁለቱ ዘንጎች መጠን እኩል ነው?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። ለምን እንዳልኩት እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። የነገሩኝን ረስቼው አልነበረም። የእሳቸውን ቃል ይዤ ከተናገርኩ ሁሉንም ያመንኩ ስለመሰለኝ ይሆናል። ቤት ደርሼ ስገጥመው በፓምፑ በኩል ገባ፣ በሞተሩ በኩል አልገባም። በዚያ ሰዓት ሱቁ ተዘግቷል። በገዛ እልኼ አንድ ተጨማሪ ቀን በዚያ ብርድ አስቀመጥኳቸው።

ረቡዕ ከሥራ ቀጥታ ሄጄ ትክክለኛውን አመጣሁ። ሁለት ሰዓት አልፈጀብኝም። አዲስ ላስቲክ ከሞተሩ ሥር አደረግኩ፣ ኩሽኔታው ዘይት እንዲጠጣ አደረግኩ፣ ብሎኖቹን እሳቸው በደረደሩልኝ ቅደም ተከተል መልሼ አሰርኩ። አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተሳሳተብኝም። ማብሪያውን ስከፍተው ሞተሩ ተነሳ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከላይ ራዲያተሮቹ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመሩ። አማቴ ኩሽና ውስጥ ነበሩ። ስወጣ እጃቸውን ራዲያተሩ ላይ ዘርግተው አገኘኋቸው። «ሄደ» አሉ፣ ቀስ ብለው። እኔ «አዎ» አልኩ።

ባለቤቴ በማግስቱ ሕፃኗን ይዛ ተመለሰች። ያስጠለለቻት ጓደኛዋና ሌሎች ሦስት የቸርች እህቶች አብረዋት መጡ፤ ምግብ ሠርተው፣ ሻይ በፔርሙስ ይዘው። ቤቱ ሞቆ ስለነበር ኮታቸውን ሲያወልቁ «ጌታ ይመስገን!» ይላሉ። በደንብ የማስታውሰው ቀጥሎ የመጣውን ነው። ጓደኛዋ ሻይ እየቀዳች፣ «ለመሆኑ ማን ሠራው? ቴክኒሺያን መጣላችሁ?» አለች።

አማቴ ጥግ ላይ ካለው ወንበር ተቀምጠው ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ባለቤቴ እኔን አየችኝ።

«አይ፣ እኔው ነኝ» አልኩ። «ፓምፑ ውስጥ አንዲት መገጣጠሚያ ተበጥሳ ነበር። ለማግኘት ትንሽ አስቸገረችኝ እንጂ።»

«ውይ! ባለሙያ ባል እንዴት ደስ ይላል!» አሉ ሴቶቹ። አንዷ ወደ አማቴ ዞራ፣ «አባታችን፣ ጌታ ጎበዝ ልጅ ነው የሰጠዎት» አለቻቸው።

ግራ ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሟት። ከዚያ እኔን ሳይሆን ሕፃኗን እያዩ፣ «ጎበዝ ነው» አሉ። «እጁም ልቡም ጎበዝ ነው።»

ቢያጋልጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢቆጡኝ፣ ቢያሾፉብኝም እንኳ።

ከዚያ ቀን በኋላ አማቴ ቤዝመንት አልወረዱም። ቀድሞ በየጠዋቱ ቦይለሩን ሳያዩ ቁርስ አይበሉም ነበር። አሁን ልብሳቸው ሲታጠብ እንኳ ላይ ሆነው ነው የሚጠብቁት። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው በአንድ ቀን ውሃ ሲሆን በመስኮት ያያሉ፣ ሕፃኗን ያስተኛሉ፣ ዜና ያያሉ። እኔን በአክብሮት ነበር የሚያናግሩኝ፤ ከቀድሞው በበለጠ አክብሮት። እራት ላይ ስለ ትምህርት ቤቱ ቦይለር መጠየቅ አቆሙ። ያ ጥያቄ እንዴት እንደሚያስጠላኝ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሲቀር ግን ገበታው ባዶ ሆነብኝ።

በኤፕሪል «ወደ አገሬ ልመለስ» አሉ። ባለቤቴ አለቀሰች፣ ለመነች። «ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልለመድኩም ልጄ፤ እዚያ ቢያንስ ለጎረቤት የሚሆን ነገር አላጣም» ብለው እንቢ አሉ። ኤርፖርት ስሸኛቸው አቀፉኝ፤ አንገታቸው አንገቴ ላይ እስኪያርፍ ድረስ። እዚያም ልነግራቸው እችል ነበር። ሰው በዛ፣ ሰዓት ደረሰ፣ ቦርሳቸው ከበደ፤ ምክንያት ሞልቷል።

ፈተናውን እንደገና ልወስድ ሳምንት ሲቀረኝ አዲስ አበባ ደወልኩላቸው። የተወሳሰበብኝ ነገር ነበር፦ ውሃ አንሶበት የጋለ ቦይለር ላይ ለምን ቀዝቃዛ ውሃ አይጨመርም የሚል። መጽሐፉን አሥር ጊዜ አንብቤ አልገባኝም ነበር። እሳቸው ግን ስለ አንድ የሥራ ጓደኛቸው ነገሩኝ፤ ደንግጦ ውሃ ሊለቅበት ቫልቩ ላይ እጁን ሲያሳርፍ እሳቸው እጁን ይዘው እንዳስቀሩት፣ ከዚያ ሁለቱም እሳቱን አጥፍተው ግድግዳ ተደግፈው እንደጠበቁ፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ እንዴት እያለ እንደሚጮህ። ውሃው በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ የሚፈልገው ቦታ ምን ያህል እንደሆነ። ድምፃቸው ወጣት ሆነ። ስለ ቦይለር ያን ያህል ሲያወሩ የሰማኋቸው ከዚያ ክረምት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ሲጨርሱ፣ «ጋሼ...» አልኩ።

«ወይ ልጄ?»

«...ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ነው። በል በርታ፤ ታልፋለህ።»

አለፍኩ። ሰርተፊኬቱ ሲመጣ ባለቤቴ ደውላ ነገረቻቸው። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ዓመት ሳይሞላ አረፉ። መርዶውን የቸርች ሰዎች ናቸው ጠዋት መጥተው ለባለቤቴ የነገሯት። ለሦስት ቀን ቤታችን ሰው አልተለየውም። ከቸርች ወንበር ተዋስን፣ ጫማ በሩ ላይ ተከመረ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጸሎት ተደርጎ ሰው ሻይ ሲይዝ፣ አንድ አዛውንት «ለመሆኑ አባታችን ሥራቸው ምን ነበር?» ብለው ጠየቁ።

ነገርኳቸው። ስለ ፋብሪካው ጀመርኩና ሳላስበው ሁሉንም አወጣሁት። ያን ክረምት ብልሽቱን ያገኙት እሳቸው መሆናቸውን፣ ሞተሩን የፈቱት እሳቸው መሆናቸውን፣ እንደጮህኩባቸው፣ ከዚያም እዚሁ ሳሎን ውስጥ፣ እሳቸው ባሉበት፣ እኔ ሠራሁት ብዬ እንደዋሸሁ።

ያን ክረምት ሻይ እየቀዳች የጠየቀችን የባለቤቴ ጓደኛ ዕንባዋን ጠረገች። «አያችሁ እንዴት ያለ ትሑት ነው?» አለች። «አማቱን ከፍ ለማድረግ ራሱን እንዲህ ዝቅ ሲያደርግ!»

«እውነት ነው፣ ጌታ ይባርክህ» አሉ አዛውንቱ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይደለም፣ የምሬን ነው፣ በእውነት ዋሽቻለሁ...» ብል አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ትከሻዬን ይዞ፣ «በቃ፣ በቃ፣ አትጨነቅ። ሐዘን ነው» አለኝ። ወሬው ወደ ሌላ ሄደ።

ኩሽና ገባሁ። ባለቤቴ ብርጭቆ እያለቀለቀች ነበር። ጥቁር ሻርፗን ወደ ኋላ ጥላዋለች። ዞር አላለችም።

«አንቺ ታምኚኛለሽ?» አልኳት።

«የማምነው ነገር የለም» አለች። «አውቀው ነበር። የዚያን ሰሞን ሸሚዛቸውን ያጠብኩት እኔ አይደለሁ? የእጅጌው ግሪስ ሦስት ጊዜ ታጥቦ አልለቀቀም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ውሃውን ዘጋች። «ጠየቅኳቸው። እንዳልናገርህ ለመኑኝ። 'ፈተናውን መውደቁ ይበቃዋል፤ በቤቱ ራሱን ቀና አድርጎ ይኑር' አሉኝ።»

ያን አላውቅም ነበር፤ መውደቄን ማወቃቸውን። እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኳት። ፖስታውን ከኮርስ መጽሐፌ ውስጥ አይተውት እንደሆነ፣ ወይስ ከሁኔታዬ ተረድተውት እንደሆነ፣ ለእሷም አልነገሯትም። ብቻ ከመጡ ሳምንት ሳይሞላቸው ነው ያወቁት አለችኝ። እንግዲያው እነዚያ የእራት ላይ ጥያቄዎች ሁሉ፣ ስለ ግፊቱ፣ ስለ ውሃው ማነስ፣ ስለ እንፋሎቱ፣ እኔን ለማጋለጥ አልነበሩም። ሊያስጠኑኝ ነበር። እያስጠኑኝ መሆኑ እንዳይታወቀኝ እየተጠነቀቁ።

«ለእኔ አይደለም መናገር የነበረብህ» አለች ባለቤቴ። «ለእነሱም አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

እጇን ጠረገች። ብርጭቆዎቹን ትሪ ላይ ደርድራ፣ ሻይ ቀድታ፣ ወደ እንግዶቹ ወጣች። እኔ ትንሽ ቆይቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ስኳሩን ይዤ ተከተልኳት።